የፈትልና የሹራብ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ

ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ጥጥም የበግ ጸጉርም እፈትላለሁ፣ ሹራብ እሠራለሁ፣ አልፎ አልፎ ኪሮሽም እነካካለሁ። ሁሉም ከቤት ሥራ ጎን ለጎን ነው። ዛሬ ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ስለሆኑ እጄ ፈታ ብሏል። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ገበያው በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ከደብረ ብርሃን፦ እህቴ፣ እንዝርት ይዤ አላውቅም። በጥጥ ልጀምር ወይስ በበግ ጸጉር?

በበግ ጸጉር። እናቶቻችን ያስተማሩን በጥጥ አመልማሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥጥ ጭረቱ (እያንዳንዱ ጸጉር መሳይ ቃጫው) አጭር ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። የበግ ጸጉር ረዘም ይላል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። መሳቡንና ማሾሩን እጅሽ አንድ ላይ ሲለምድ ወደ ጥጥ ትመጫለሽ። ውድ እንዝርት አትግዢ። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ዘንጉ ላይ የሚሰካው ክቡም ልክ መሐሉ ላይ የተበሳ ከሆነ ይበቃል። ስታሾሪው ከተወላገደ ክቡ ወደ አንድ ጎን ከብዷል ማለት ነው፣ ከዚያ በኩል ትንሽ ፋቅ አድርጊው።

ከመሐል ሜዳ፦ የሸለትነውን ጸጉር ፈላ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና አሽቼ አጠብኩት። ተጣብቆ አንድ ወጥ ሆነብኝ። ይድናል?

አይድንም እህቴ። በዓይን አይታይም እንጂ እያንዳንዱ የበግ ጸጉር ላዩ ላይ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈታቸው የለም። ግን አትጣዪው። ቆርጠሽ ለጫማ ውስጥ ንጣፍ አድርጊው፣ ለእግር ብርድ ከሱ የተሻለ የለም።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ከመታጠቡ በፊት ዘርግተሽ ለይው። የሆዱንና የጭራውን አካባቢ፣ በጠጥ የደረቀበትን፣ ጭጎጎት የበዛበትን ጣይ፤ ያን ለማዳን ስትታገዪ ጥሩውም ያመልጥሻል። ቀሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አፈሩን አስለቅቂ። ከዚያ ለእጅ የሚሞቅ ውሃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጪና ጸጉሩን አስገቢ። አሁን እጅሽን አውጪ! አታሽ፣ አታማስዪ፣ ዝም ብለሽ ተይው። ስታለቀልቂም በዚያው ሙቀት ባለ ውሃ ይሁን፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በአንዴ ከገባ ይኮማተራል። ሳትጠመዝዢ ጨምቀሽ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አስጪው። እናንተ ጋ ነፋስ አይጠፋም፣ እሱ ራሱ ያደርቀዋል። ትንሽ ቅባት ቢቀርበት ደግሞ አትጨነቂ፣ ሲፈተል ያንሸራትተዋል።

ከአዲስ አበባ (ትውልዴ ሞላሌ)፦ እማዬ የመንዝ በግ ጸጉር ፈትላ ልካልኛለች። ለሚወለደው ልጄ ሹራብ ልሠራበት አስቤያለሁ።

መጀመሪያ በሽልም ያውጣሽ። ሁለተኛ፣ እባክሽ አትሥሪበት። የመንዝ በግ ብርድ የሚችል ጀግና ነው፣ ጸጉሩ ግን ሸካራ ነው። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) በላይ የሆነ ጸጉር ሲበዛ ቆዳ ይወጋል፤ የአዋቂ አንገት እንኳ አይችለውም፣ እንኳን የአራስ ልጅ። ከውጭ ከመጣው የአዋሲ በግ ጋር የተዳቀሉትም ቢሆኑ ለዚህ አይሆኑም፣ የአዋሲም ጸጉር ለምንጣፍ ነው የሚስማማው።

እስቲ አያቶቻችን ምን እንዳሠሩበት አስቢ። በርኖስና ባና ነው። ሁለቱም በልብስ ላይ የሚደረቡ፣ ዝናብና ውርጭ የሚመክቱ ናቸው። ከመንዝ ጸጉር ሸሚዝ ያሠራ ሰው አልሰማሁም። እዚህ ደብረ ብርሃንም በበግ ጸጉር የታወቅነው በብርድ ልብስና በስጋጃ ነው። ይኼ ጸጉር ሥራውን ያውቃል፣ ሌላ ሥራ ስንሰጠው ነው የሚያስቸግረን። የእናትሽን ፈትል ለአልጋ መደረቢያ አድርጊው፣ ወይም ውስጡ ጥጥ ጨርቅ የተሰፋበት የአዋቂ ኮፍያ ሥሪበት። ለልጁ ጥጥ ወይም ለስላሳ የሱቅ ክር ይሻላል። ክሩን ከመግዛትሽ በፊት አገጭሽ ሥር አሸት አድርጊው። እዚያ ካሳከከሽ ልጁንም ያሳክከዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ባለሱቁ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ክር ሸጠልኝ። ማመን አለብኝ?

ክሩን ጠይቂው። ቁራጭ ቆርጠሽ በመቆንጠጫ ይዘሽ በክብሪት ለኩሺው፣ ከመጋረጃ ራቅ ብለሽ። የበግ ጸጉር በግድ ነው የሚነድ፣ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ የወረቀት ሽታ አለው። አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

አክሪሊክ ነው ብለሽ ግን አትመልሺው፣ ለሕፃን ኮፍያ ለስላሳ ነው፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ከሰል ምድጃ አጠገብ ለሚውል ልጅ ብቻ አላለብሰውም፣ ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ከአንኮበር፦ ጥጥ ስፈትል ይበጠስብኛል። አማቴ «እጅሽ ከብዶ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው እትዬ?

አማትሽን አልቃወምም፣ ቤት አላፈርስም። ግን የተበጠሰበትን ጫፍ አንሺና ብርሃን ላይ እይው። ጫፉ ሳስቶ፣ ጭረቶቹ ተንጨባረው ከወጡ ጥምዘዛ አንሶታል፤ ከመሳብሽ በፊት ትንሽ ጨምረሽ አሹሪ። ቀጥ ብሎ እንደተቆረጠ ከሆነና ክሩ ለቀቅ ስታደርጊው እርስ በርሱ የሚጠቀለል ከሆነ አብዝተሻል። ችግሩ ከባዘቶውም ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ እብጠት እብጠት ይሠራል፣ ከእብጠቱ ቀጥሎ ያለው ቦታ ይሳሳል፣ እዚያ ላይ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አየሩ ሲደርቅ ጥጥ ያምፃል። ጣትሽን በውሃ ነካ እያደረግሽ ፍተዪ፣ ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለጋቢ ፈትል ልጀምር ነው። ድሩንም ማጉንም ልፍተል?

ማጉን ብቻ። ድሩን ከገበያ ግዢ። ድር፣ በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ተወጥሮ ነው የሚውለው፣ ሸማኔው በመታ ቁጥርም ይፋተጋል። የእጅ ፈትል የሳሳ ቦታ አያጣም፣ እዚያ ላይ እየተበጠሰ ሰውዬው ሲቀጥል ይውላል፣ አንቺንም ያማሻል። በአግድም የሚገባው ማግ ግን አይወጠርም። ለስለስና ወፈር ብሎ የተፈተለ ማግ ነው ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው፣ ስለዚህ ጥምዘዛውን አታጠንክሪ። ስንት ልቃቂት እንደሚበቃ ሸማኔውን ጠይቂው፣ ምክንያቱም የአንዷ ልቃቂት ከሌላዋ ይለያል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ግን ብዙ እንደሚበላ ከወዲሁ እወቂ። እኛ ደገኞች ጥጥ ከቆላ ጠብቀን ነው የምንገዛው፣ አንቺ አጠገብሽ ነው፤ ፍሬ ጥጥ ገዝተሽ ራስሽ ብትዳምጪው (ፍሬውን ብታወጪለት) ቆሻሻውን እያየሽ ታወጫለሽ።

ከሰላ ድንጋይ፦ ወንድ ነኝ። ሹራብ ብሠራ ይስቁብኛል?

ይስቃሉ። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ኮፍያ ሥራልን ይሉሃል። ሸማኔው ወንድ አይደል እንዴ? ጀምር ወንድሜ።

ከደብረ ብርሃን፦ በእጄ ከፈተልኩት ክር የሠራሁት ኮፍያ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል። አሠራሬ ነው ወይስ ክሩ?

ክሩ ነው። ነጠላ ክር የተጠማዘዘበትን ለመፍታት ይታገላል፣ ሹራቡንም ይዞት ይዞራል። መፍትሔው ሁለት ነጠላ ክር አንድ ላይ መግመድ ነው። ወደ ቀኝ ፈትለሽ ከሆነ ሁለቱን ልቃቂት ይዘሽ እንዝርቱን ወደ ግራ አሹሪው። ያኔ አንዱ ሌላውን ያረጋጋዋል። ልቃቂቶቹን ሁለት የተለያየ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጊያቸው፣ አለዚያ ወለሉ ላይ ተንከባለው ይጠላለፋሉ፣ ድመት ካለሽማ አለቀልሽ። ከገመድሽ በኋላ እንደ ቱባ ጠቅልለሽ እርጥብ አድርጊና ስቀዪው፣ ከታች ቀላል ነገር አንጠልጥዪበት። ሲደርቅ ለሥራ ዝግጁ ነው።

ከደብረ ሲና፦ የሹራብ መርፌ የለኝም። ደግሞ ስሠራ ሁሌ ይሰፋብኛል።

መርፌውን የብስክሌት ራጂ (የጎማው ቀጭን ሽቦ) ይተካዋል፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርደሽ፣ ምላጭ እንዳይሆን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው። ራጂ ቀጭን ስለሆነ ለካልሲና ለቀጭን ክር ነው። ለወፍራም ክር ከቀርከሃ አስቀርጪ።

መስፋቱን በተመለከተ ሳትለኪ ትጀምሪያለሽ መሰለኝ። መጀመሪያ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሥሪ፣ አጥበሽ አድርቂ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን (የሹራብ ቀለበት) እንዳለ ቁጠሪ። 20 ዓይን ካለ፣ 1 ሳንቲ ሜትር 2 ዓይን ይበላል ማለት ነው። የባልሽ ራስ ዙሪያው 56 ከሆነ ኮፍያው ራስ ላይ ልጥፍ እንዲል ወደ 50 አውርጂው፣ 100 ዓይን ትጀምሪያለሽ። ሳይታጠብ የተለካ ቁራጭ ግን ይዋሻል፣ በተለይ የእጅ ፈትል።

ከአታዬ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ጊዜ የለኝም። አንቺ መቼ ነው የምትሠሪው?

ተቀምጬ «አሁን ልሥራ» ብዬ አላውቅም። ሥራዎቹን ነው የምከፋፍላቸው። መፍተል ዓይን አይፈልግም፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋና ወጡ እስኪበስል ነው። ባቄላ ውኃ ውስጥ ከገባ እስኪበስል ድረስ እንዝርቱ ይሾራል፣ ጀበናው ሲገነፍል ብቻ ነው የምነሳው። አስቸጋሪ ጥለት ያለበት ሹራብ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ወጥ የሆነው፣ ሳያዩ የሚሠራው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይኖራል፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ማኅበር ላይ ወሬው ሲደራ። ለቅሶ ቤት ግን አላወጣም፣ ያወጣችም አይቼ አልወደድኩላትም። ለልጆችሽ ደግሞ ሥራ ስጫቸው። ትልቁ ጭጎጎት ይልቀም፣ ትንሹ ልቃቂት ይያዝ። ሲይዝ ያበላሻል፣ ያበላሽ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የሽንኩርት ልጣጭ ክር ያቀልማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሽንኩርት ሞልቷል። ደረቁን የላይኛውን ልጣጭ ሰብስቢ። ነጩን የበግ ጸጉር ክር መጀመሪያ ሸብ (ነጭ ድንጋይ መሳይ ጨው) በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዪው፣ ቀለሙን የሚያስይዘው ሸቡ ነው። ልጣጩን ለብቻው ቀቅለሽ አጥልዪ፣ ክሩን ጨምረሽ በዝግታ አሙቂው፣ አታንተክትኪው። እዚያው ድስቱ ውስጥ ይብረድ። ከቢጫ እስከ ብርቱካንማ ያወጣል። በጥጥ ላይ ግን ደብዛዛ ነው። ድስቱንም ለወጥ አትመልሺው። የመንዝ ጥቁር በግ ካለሽ ደግሞ ምንም አታቅልሚ፣ የተፈጥሮ ጥቁርና ቡናማውን ከነጩ ጋር ብታሰልፊው ሌላ ቀለም አያስመኝም።

ከመሐል ሜዳ፦ ብል ባናዬን እየበላው ነው።

የሚበላው ትሉ ነው፣ የምትበረውን ብትገድዪ ዋጋ የለውም፣ እንቁላሉን ጥላ ሄዳለች። ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ አራግፊው፣ በብሩሽ እጥፋቱን ሁሉ ጥረጊ። ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን አስቀድሞ ነው የሚወድደው፣ ስለዚህ የቆሸሸ የበግ ጸጉር ጠቅልለሽ አታስቀምጪ። አሪቲ ጣል ማድረግ ጥሩ ሽታ አለው፣ በሱ ብቻ ግን አትተማመኚ። በየጊዜው አውጥቶ ማራገፍ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ዘመድ ሁሉ «አንድ ሹራብ ሥሪልኝ» ይለኛል። እንዴት እምቢ ልበል?

እምቢ አትበዪ። «እሺ፣ ክሩን ገዝተህ አምጣ» በዪ። አብዛኛው እዚያ ላይ ይቀራል። አምጥቶ ከመጣ ሥሪለት፣ ይገባዋል።

ከአንኮበር፦ ግራኝ ነኝ። እንዝርቱን ወደ ግራ ነው የማሾረው። ችግር አለው?

ለራስሽ ሹራብ ምንም ችግር የለውም። ስትገምጂ ወደ ቀኝ አሹሪ፣ በቃ። ለሸማኔ ስትሰጪ ግን ፈትልሽ ወደ ግራ የተጠማዘዘ መሆኑን ንገሪውና ከሌላ ሰው ፈትል ጋር እንዳያቀላቅለው አደራ በዪው፤ ሁለቱ ጥምዘዛዎች ብርሃን የሚመልሱበት መንገድ ስለሚለያይ ጋቢው ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል።