በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው እየሆንኩ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ ከአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ጋር ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሂሳብ መያዣ መተግበሪያ የሚያቀርብ ስታርትአፕ መሥርተን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ውል ሲፈርም ከእኔ በላይ ሰው የለም፤ በዚያው ሳምንት ሦስት ደንበኞች አገልግሎቱን ሲያቋርጡ ደግሞ ዘግቼ ልገላገል እላለሁ። ባለቤቴ «ስልክህን አይተህ ነው የምትስቀውም የምታኮርፈውም» ትለኛለች። ይህ የእኔ ድክመት ነው ወይስ የሥራው ጠባይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት የስሜት መዋዠቅ በአብዛኛው ከሥራው ጠባይ የሚመነጭ ነው። ይሁን እንጂ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ስሜቱ በሁለት ቀን ቢበርድም በዚያ ስሜት የተወሰነው ውሳኔ ግን ለወራት ይቆያልና።

ደንበኞቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩለት ድርጅት ሦስት ሰዎች ቢለቁበት ላያውቀው ይችላል። አርባ ወይም ሃምሳ ደንበኛ ያለው መሥራች ግን ሦስቱንም በስም ያውቃቸዋል፤ ለአንዱ መተግበሪያውን በእጁ ጭኖለታል፣ ከሌላው ጋር ሌሊት በስልክ ሂሳብ አስተካክሏል። ስለዚህ አገልግሎቱ ተቋረጠ የሚለው መልእክት «አልፈልግህም» እንደተባለ ሆኖ ይሰማዋል። ከሦስቱ አንዱ ሱቁን ስለዘጋ፣ ሌላው የሂሳብ ሠራተኛ ስለቀጠረ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ በስልክ ጠይቆ እስካልተረዳ ድረስ ግን መሥራቹ ምክንያቱን ሁሉ በራሱ ላይ ይደፋዋል።

በዚህ ላይ ኪሳራ ከትርፍ ይልቅ ይከብዳል። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንን በጽሑፍ ያቀረቡ ሲሆን፣ በ1992 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ማጣት ከእኩል መጠን ማግኘት 2.25 እጥፍ ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ገምተዋል። ይህ ልኬት ለሁሉም ሰውና ሁኔታ በእኩል የሚሠራ ባይሆንም፣ ባገኙትና ባጡት እኩል የሆነ ሳምንት ለምን እንደ ሽንፈት ሳምንት እንደሚሰማዎ ያስረዳል።

እርስዎ የተጨነቁት ስለ ክፉው ቀን ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ደጉ ቀን ነው። ሰው ሲከፋው ቢያንስ ይጠራጠራል፣ ያማክራል፤ ውል የተፈረመበት ዕለት ግን ሁለት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ገና ያልተሠራ አገልግሎት «በወሩ መጨረሻ ይደርሳል» ብሎ ቃል ይገባል፣ ሰፋ ያለ ቢሮ ይከራያል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ያ ደስታ በሌለበት ቀን ነው።

ለዚህ የምመክርዎ ስሜቱን ለማጥፋት እንዲታገሉ ሳይሆን በቁጥር እንዲመዝኑት ነው። በካዝናዎ 900 ሺህ አለ፣ በየወሩ ከገቢ በላይ የሚወጣው ደግሞ 75 ሺህ ነው እንበል፤ የ12 ወር ዕድሜ አለዎት ማለት ነው። የለቀቁት ሦስት ደንበኞች በድምሩ በወር 3 ሺህ ይከፍሉ ከነበረ ጉድለቱ 78 ሺህ ይሆናል፤ ዕድሜዎ ወደ 11 ወር ተኩል ይወርዳል። እንቅልፍ የነሳዎት ነገር ዋጋው ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ውል በወር 15 ሺህ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ከ78 ወደ 63 ሺህ ወርዶ ዕድሜዎ 14 ወር ከጥቂት ቀናት ይደርሳል፤ ደስ ያሰኛል፣ ሁለት ሰው ለመቅጠር ግን አይበቃም።

ከዚሁ ጋር፣ ነገር በረድ ባለበት ቀን ከባልደረባዎ ጋር ተቀምጣችሁ ሥራው የሚዘጋበትን ሁኔታ በጽሑፍ አስቀምጡ። የቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪው ስቱዋርት በተርፊልድና ባልደረቦቹ ግሊች የተባለውን የኢንተርኔት ጨዋታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሲዘጉ ብዙ ሠራተኞችን ማሰናበት ግድ ሆኖባቸዋል፤ እርስ በርስ ለመጻጻፍ ሠርተውት ከነበረው መሣሪያ የተነሣውና ኋላ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተወደደው የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ስላክ ደግሞ በ2014 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ «ታገሡ፣ ያልፋል» ለማለት ይጠቀሳል። እኔ የማየው ግን ገንዘቡ ሳይሟጠጥ መዝጋታቸውን ነው፤ ባዶ ካዝና ይዘው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር የሚሞክሩበት አቅም ባልኖራቸው ነበር።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ወይም የተስፋ መቁረጡ ስሜት ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ጉዳዩ ከንግድ ወጥቷልና ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እኔም የአንድ ጀማሪ ኩባንያ መሥራች ነኝ። በሠራተኞቼ ፊት ጭንቀቴን መደበቅ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መደበቁ ብዙም አይሳካም፤ በጥቂት ሰዎች ቢሮ ውስጥ የኃላፊው ፊት ከማንም በፊት ይነበባል፣ ያልተነገረውንም እያንዳንዱ በራሱ ግምት ይሞላዋል። ጭንቀቱን በሙሉ ማውረድም ተገቢ አይደለም፤ ለእሱ ባልደረባ መሥራች ወይም ታማኝ ወዳጅ ይፈለጋል። ለሠራተኞች የሚነገረው ሥራቸውን የሚነካው ጉዳይ ነው፦ የትኛው ደንበኛ እንደለቀቀ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደመወዝ ችግር ሊመጣ የሚችል ከሆነ ሌላ ሥራ ለመፈለግ ጊዜ እንዲያገኙ አስቀድሞ ማሳወቅ።