ጥያቄና መልስ፦ ጸጸት በሼክስፒር «ማክቤዝ» ተውኔት

ገቢር አምስት፦ ስለ «ማክቤዝ» ጠይቁ። ስትጠይቁ ገቢሩንና ትዕይንቱን ጥቀሱ። ፍርሃትንና ጸጸትንም አትቀላቅሉ፤ ፍርሃት «ይደረስብኝ ይሆን?» ይላል፣ ጸጸት ግን ማንም ባይደርስበትም እንቅልፍ ይነሳል።

ፈተና ደረሰ፦ ጋሼ፣ ጸጸት በገጸ ባሕርያቱ ላይ ያደረሰውን ተጽዕኖ ቢያብራሩልን?

ገቢር አምስት፦ በየትኛው ገጸ ባሕርይ? የትኛው ትዕይንት ላይ? አጥብበህ ተመለስ።

የወይራ ጥላ፦ ገቢር 1 ትዕይንት 7 ላይ ማክቤዝ ንጉሥ ዳንከንን ለመግደል ሲያመነታ ይታያል። ይህ ጸጸት ነው?

ገቢር አምስት፦ ገና ያልሠራውን እንዴት ይጸጸትበታል? መጀመሪያ የሚያሰላው የሚመጣበትን ብድር ነው፤ ዳንከን ዘመዱ፣ ንጉሡና እንግዳው መሆኑን የሚያነሳው ቀጥሎ ነው። ኅሊናው ነቅቷል፣ በቃ። ጸጸቱ የሚጀምረው ዳንከንን እንደገደለ፣ ገቢር 2 ትዕይንት 2 ላይ ነው። ከእንቅልፋቸው የባነኑ ሁለት ሰዎች ሲጸልዩ ሰምቶ «አሜን» ማለት ያቅተዋል፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እንቅልፍን ገድለሃል፣ ከእንግዲህ አትተኛም የሚል ድምፅም ይሰማል። ከሁሉ ይልቅ ግን ጩቤዎቹን ተመልከቱ። ወንጀሉ በጠባቂዎቹ እንዲላከክ ዳንከን ክፍል መቅረት ነበረባቸው፤ እሱ ይዟቸው ይመጣል። መልስ ሲባል ዳግመኛ ለማየት አልደፍርም ይላል። ይዛ የምትሄደው ሚስቱ ሌዲ ማክቤዝ ናት፤ እጇ በደም የሚነከረውም ያን ጊዜ ነው።

አዲስ ተዋናይ፦ ጋሼ፣ ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድበትን ትዕይንት (ገቢር 5 ትዕይንት 1) እየተለማመድኩ ነው። ላልቅስ? እጄንስ ደም ልቀባ?

ገቢር አምስት፦ አታልቅሺ፣ ደምም አትቀቢ። ደሙን የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ ከተቀባሽ ተመልካቹ የሚያየው እድፍ የምታጥብ ሴትን ነው። ዓይኗ ክፍት ቢሆንም እንደማያይ ሐኪሙና ደንገጡሯ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ዓይንሽን በእነሱም ሆነ በተመልካቹ ላይ አታሳርፊ። ብርሃን ከአጠገቧ እንዳይለይ አዛለችና የምትገቢው ሻማ ይዘሽ ነው። ለመታጠብ ሁለቱም እጅ ነጻ መሆን አለበት፤ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ሻማውን የምታስቀምጪበት ቦታ በልምምድ ይወሰን። ይህ ካልታሰበበት ሻማው እጅሽ ላይ ይቀርና እጥበቱ መዳፍ መዳበስ ብቻ ይሆናል። ደንገጡሯ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትታጠብ አይቻታለሁ ትላለች፤ እንግዲያው የለመደ እጅ እንጂ የተደናገጠ እጅ አይሁን። ደግሞ እዚህ የምትናገረው በዝርው ነው፤ ግጥም አታስመስዪው። የዳንከን ደም፣ ማክቤዝ ያስፈጃት የመስፍኑ የማክደፍ ሚስት፣ ማክቤዝ ያስገደለው የጓደኛው የባንኮ መቀበር፣ በግድያው ሌሊት የሰማችው የበሩ መንኳኳት፣ ሁሉም ከተለያየ ጊዜ የመጡ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ዝለዪ፣ አታያይዣቸው። ከግድያው በኋላ «ጥቂት ውሃ ያነጻናል» ያለችው ራሷ መሆኗን አትርሺ።

ጠያይም፦ እኔ ከሁለቱም ይልቅ በ«ሐምሌት» ውስጥ ያለው ክላውዲየስ ነው እውነተኛ ጸጸት ያለው የምለው። ገቢር 3 ትዕይንት 3 ላይ ተንበርክኮ ይጸልያል።

የወይራ ጥላ፦ ወንድሙን ገድሎ ያገኘውን ዘውድና ሚስት እንደያዘ? የሰረቁትን ሳይመልሱ ንስሐ የለም።

ጠያይም፦ ማክቤዝስ መቼ መለሰ? ክላውዲየስ ቢያንስ ጸሎቱ እንዳላረገ ያውቃል።

የወይራ ጥላ፦ ማወቁማ ያብስበታል። አውቆ ነው ሐምሌትን ለማስገደል የሚያሴረው።

ገቢር አምስት፦ ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን ሌላ ተውኔት ነው። ወደ ማክቤዝ።

ፈተና ደረሰ፦ እሺ ጋሼ፤ ግብዣው ላይ የባንኮ ሙት መንፈስ ሲመጣ ማክቤዝ ተጸጸተ ይባላል? ገቢር 3 ትዕይንት 4።

ገቢር አምስት፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በከፊል ፍርሃት ነው፤ የባንኮ ልጅ ፍሊያንስ ማምለጡን የሰማው ገና አሁን ነው። መንፈሱ ግን ለእሱ ብቻ ይታያል፣ አንድም ቃል አይናገርም። ማክቤዝ ግን «አደረግከው ልትለኝ አትችልም» ብሎ ማንም ሳይከሰው ይሟገታል። ይህ ጸጸት ነው። በዚያው ትዕይንት መጨረሻ ደም ውስጥ ብዙ ስለገባሁ መመለሱም መሻገሩን ያህል ያደክማል ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ይደነዝዛል። ገቢር 4 ላይ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅ ማመንታት የለም።

አዲስ ተዋናይ፦ ሚስቱስ ገቢር 5 ላይ በድንገት ነው የምትታመመው?

ገቢር አምስት፦ በፍጹም። ገቢር 3 ትዕይንት 2። ብቻዋን ስትሆን ሁሉን ከስረን ምንም አላተረፍንም ትላለች፤ ባሏ ሲገባ ግን «የሆነው ሆኗል» ብላ እሱን ትገሥጻለች። እሱም በበኩሉ ባንኮን ሊያስገድል መሆኑን ይደብቃታል። ዳንከንን አብረው ገደሉ፤ ጸጸቱን ግን ለየብቻ ተሸከሙት።

ፈተና ደረሰ፦ የማንን ትርጉም ላንብብ?

ገቢር አምስት፦ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን።

ጠያይም፦ እና ማክቤዝ ከገቢር 4 በኋላ ጸጸት የለውም?

ገቢር አምስት፦ አንድ ቦታ አለ፤ በብዙ እትሞች ገቢር 5 ትዕይንት 8። ማክደፍ ሰይፍ መዝዞ ሲመጣበት፣ ከሰው ሁሉ አንተን ሸሽቻለሁ፣ ነፍሴ የወገኖችህ ደም ከብዷታል፣ ተመለስ ይለዋል። እዚህም ፍርሃት ነው እንዳትሉኝ። ከሴት የተወለደ እንደማይገድለው ትንቢት ተነግሮታልና በዚያች ሰዓት እርግጠኛ ነው። ማክደፍ ከእናቱ ማሕፀን ያለጊዜው ተቀዶ መውጣቱን የሚነግረው ከዚህ በኋላ ነው።