«አራቱ ተስማሙ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የምኖረው ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። አንድ ጎረቤታችን በሬ ጠፍቶበት አምስት ሆነን ለሽምግልና ተቀምጠናል። የተጠረጠረው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነው። በሬውን ሲነዳ ያየው የለም። ሁለት ሰዎች ግን «ውሻ ሲጮህ ወጥተን በሌሊት ሲያልፍ አየነው» ይላሉ። አራቱ ሽማግሎች «ካሳ ይክፈል፣ እምቢ ካለ ከእድር ይውጣ» ብለው ተስማሙ። እኔን ልቤ እምቢ አለኝ። «አንተ ከአባቶችህ ልትበልጥ ነው? የእነዚያን ዘር አታውቀውም?» አሉኝ። የመጨረሻውን ቃል የምንሰጠው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ የሚጠራጠር ሰው የባሕር ማዕበልን ይመስላል ይላል። መጠራጠሬ የእምነት ጉድለት ይሆን? ብቻዬን መቆሜስ ትዕቢት አይደለም? አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እኛ ዘንድ አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ አይፈረድም» ብሎኛል፤ እውነት ነው? ደግሞ ባለቤቴ እነ ልጁ ቤት ቡና ጠጥታ በመምጣቷ ወሬ ሆኗል። እዚያ ቤት ገብቶ መብላት መጠጣቱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ የያዕቆብን ቃል ከማዕበሉ ጀመርኸው። አንድ ቁጥር ከፍ በል። ጥበብ የጎደለው ሰው እግዚአብሔርን ይለምን፣ ሲለምንም አይጠራጠር ነው የሚለው። እሰጣለሁ ያለው እግዚአብሔር ስለሆነ ይሰጠኝ ይሆን ብሎ ማመንታት ነውር ነው። ጎረቤትህ ስለ በሬው የተናገረው ግን የእግዚአብሔር ተስፋ አይደለም። እርሱን መርምሮ መቀበል ከሃይማኖት አያስወጣህም። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ እንኳ የሰዶም ጩኸት በመጣ ጊዜ እንደ ጩኸቱ አድርገው እንደሆነ ወርጄ አያለሁ ማለቱን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ታገኘዋለህ። የተሰወረበት ነገር ኖሮ አይደለም። እኛ ሳናይ እንዳንፈርድ ነው። እናንተስ በረቱን ሄዳችሁ አይታችኋል?

ከጥያቄህ ሁሉ እኔን የከበደኝ «እነዚያ» የምትለዋ ቃል ናት። በአገራችን በጎጃም ይህች ቃል ስም አያስፈልጋትም። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ሁሉ በእርሷ ይጠቀለላሉ። ቡዳ ይበላል፣ ዓይኑ ያርፋል ይባልላቸዋል። ከእነርሱ ጋር ጋብቻ የለም። ማረሻ የሚሠራልህን ሰው እየፈራህ ታርሳለህ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ከየቤቱ አልወጣም። በመጽሐፍ የምናገኘው ሌላ ነው። የድንኳኑን ሥራ እንዲሠራ እግዚአብሔር ስሙን ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ባስልኤል የወርቅ፣ የብርና የናስ ሠራተኛ ነበር። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች የናቁት ይህ የጸራቢው ልጅ አይደለምን ብለው ነው። ሽማግሎችህ «ዘሩን አታውቀውም?» ያሉህ ያው የናዝሬት ንግግር ነው። ዘር ደግሞ ምስክር ሆኖ አይቆጠርም። ለመሆኑ ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ማስረጃ ካሳ ትሉት ነበር? ይህን ጥያቄ እሁድ ሽማግሎቹ ፊት አቅርበው።

ከላይ ሆኜ እንዳልገሥጽህ የራሴን ልንገርህ። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፣ ቦታውን ልተወው፣ የአንድ ታላቅ ተማሪ የዳዊት መጽሐፍ ከነማኅደሩ ጠፋ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ጎጆው ሁሉ ያፈሳል። ከመካከላችን አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረና ሁሉም «እርሱ ነው» አለ። እኔ ግን በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ አብሬው ነበርሁ። አኩፋዳችንን ይዘን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ውለን፣ አንድ ቤት ውሻ ነክሶት ቁርጭምጭሚቱን ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አስሬለታለሁ። ይህን ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ተባባሪ እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልሁ። እርሱም ዞር ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። ሌሊቱን እያነከሰ ሄደ። ኅዳር ላይ የጎጆውን ክዳን ስናድስ ዳዊቱ ከሰንበሌጡ መካከል ወደቀ። ባለቤቱ ራሱ ከፍሳሽ ለማዳን ሸጉጦት ረስቶት ኖሯል። ልጁን ፈልገን አላገኘነውም። ንስሐ ገብቻለሁ፤ ያቺን የነጠላ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ትዕቢት ነው ወይ ላልኸው፣ ብቻ መቆም በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይደለም። ለሰባተኛው የዐቢይ ጾም እሁድ ስሙን የሰጠው ኒቆዲሞስ በሸንጎ መካከል «ሕጋችን ሰውየውን ሳይሰማ ይፈርዳልን?» ብሎ ቢጠይቅ «አንተም ከገሊላ ነህን?» አሉት። መልስ ሲያጡ አገሩን አነሡበት። የአርማትያስ ዮሴፍም በሸንጎው ምክር አልተባበረም ብሎ ሉቃስ ጽፎለታል። የሶስናን ነገር ደግሞ ታውቃለህ፤ በሐሰት ዝሙት ተመስክሮባት ሕዝቡ ሁሉ ሞት ፈርዶባት ስትወሰድ አንድ ብላቴና ዳንኤል ጮኸ። የመሰከሩባትም ሽማግሎች ነበሩ፣ ያውም ፈራጆች! ዳንኤል ግን በመጮህ ብቻ አላዳናት። ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ።

አንተም እንዲሁ አድርግ። «ልጁ ንጹሕ ነው» ብለህ አትማል፤ ይህንንም አታውቅምና። ሁለቱ ምስክሮች ተለያይተው ይጠየቁ። በየት በኩል አለፈ? ምን ለብሶ ነበር? ፊቱን በምን ብርሃን ለያችሁት? በጨረቃ ነው ካሉ መሪጌታችሁን ጠይቁ፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ፣ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሌሊት የጨረቃ ዕድሜ ስንት እንደነበረ ቁጭ ብሎ ያወጣላችኋል። ልጁም ራሱ ፊታችሁ ቆሞ ይናገር፤ በጽሑፍህ ውስጥ የእርሱን ቃል አላየሁም። የራስህንም ልብ መርምር። ከቤተ ሰቡ ጋር ወዳጅነት ስላላችሁ እንዳይሆን፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ከብዙዎች ጋር ሆነህ ፍርድ አታጣምም ካለ በኋላ ወዲያው ለድሀም አታድላ ይላል። ማስረጃው ልጁ ላይ ካረፈ አንገትህን ሳትደፋ ሐሳብህን ለውጥ። ካላረፈ ግን «ይህን ቃል አልሰጥም» ብለህ ተቀመጥ። ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ታላላቆችህን አታዋርድ። «ሰዓቱ መሸ፣ አንተ ብቻ ነህ ያቆምኸን» ቢሉህ «ሌላ እሁድ እንገናኝ» በላቸው። በሬውም ካሳውም አንድ ሳምንት ይታገሣሉ።

ወንድምህ ያለህ እውነት ነው። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የሚፈርዱት ከሕዝብ የተመረጡ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ 12 ይሆናሉ። ከ2020 ወዲህ በፈረንጆች አቆጣጠር በየትኛውም ግዛት ሁሉም ሳይስማሙ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም። እንግሊዞች ግን ከ1967 ጀምረው ከ12ቱ 10ሩ ከተስማሙ ይበቃል ይላሉ። እኛ ዘንድ በፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፤ የሚፈርደው ዳኛ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት ያዛል። ሽምግልና ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ፈቅደው የሚታረቁበት ነው። ስርቆት ነው ብሎ የቆረጠ ሰው ለፖሊስ ያመልክት። የልጁ ወገን ሳይቀበለው ከእድር ማስወጣት እርቅ አይባልም፤ ይህንንም ለሽማግሎቹ በትሕትና ንገራቸው፣ የንስሐ አባትህንም ይዘህ ሂድ።

ቤታቸው መግባቱን በተመለከተ፣ የጾም ቀን ካልሆነ የቀረበልህን ብላ፣ ቡናውንም ጠጣ፤ ባለቤትህም አላጠፋችም። ይልቅ እሁድ ሽማግሎቹ ተቀምጠው ጠላው ሲቀዳ፣ ጋኑን ማን እንደሠራው ጠይቃቸው።