ቻይና ለብቻዋ ለምን ተመካከረች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ሲሆን የታሪክ መምህር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ለማቋቋም በዋሽንግተኑ ደምባርተን ኦክስ የተካሄደው የተባባሪ መንግሥታት ምክክር በሁለት ዙር ለምን እንደተከፈለ ተማሪዎቼ ጠይቀውኛል።

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ምክንያቱ ጃፓን ናት። ሶቪየት ኅብረት በ1941 ከጃፓን ጋር የገለልተኝነት ውል ስለፈረመች፣ ጃፓንን ከምትዋጋው ቻይና ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ አልፈለገችም፤ ስለዚህ አሜሪካና ብሪታንያ ከኦገስት 21 እስከ ሴፕቴምበር 28 ከሶቪየቶች ጋር፣ ከዚያም እስከ ኦክቶበር 7 ከቻይና ጋር ተመካከሩ።

በእኔ እይታ ግን ከዙሮቹ ይልቅ ሳይፈታ የቀረው ጥያቄ ይበልጣል፤ ይኸውም የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባል ራሱ ባለጉዳይ በሆነበት ክርክር ድምፅ ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው ነው። የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የሶቪየት ኅብረት መሪዎች በፌብሩዋሪ 1945 በሶቪየቷ ያልታ ከተማ ተገናኝተው፣ ባለጉዳዩ አገር አለመግባባትን በሰላም ለመፍታት በሚደረግ ውሳኔ ድምፅ እንዳይሰጥ፣ በማስገደጃ እርምጃ ላይ ግን ውሳኔን የመሻር መብቱ እንዲጸና ተስማሙ። (ወራሪና ዳኛ አንድ እንዲሆኑ በር የከፈተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።) በደምባርተን ኦክስ ያልተጠራችው ኢትዮጵያም በሳን ፍራንሲስኮ ጁን 26 ቀን 1945 የፈረመችው ይህንኑ ስምምነት በአንቀጽ 27 የያዘውን የድርጅቱን ቻርተር (መመሥረቻ ሰነድ) ነው።