መልስ፦ «ኦሮማይ»ን ወድጄ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ለምን ቀዘቀዘብኝ?

እህቴ፣ ቅር ቢልሽ አይገርምም። ብዙ አንባቢ ርዕሱን አይቶ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ታሪክ ይመስለዋል። ደራሲው በዓሉ ግርማ ግን «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው ከዘመቻው በፊት፣ በ1972 ነው፤ «ኦሮማይ» የመጣው በ1975። እዚያ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ያየውን በራሱ አንደበት ስለሚያወራሽ ጥርጣሬውም ፍቅሩም አጠገብሽ ነው። ያንን ድምፅ ጠብቀሽ የአብዮት ክርክር ሲገጥምሽ ልብሽ ይሸሻል።

የመጽሐፍ ክበባችሁ ውይይት ላይ «አልወደድኩትም» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወሬው እዚያው ይዘጋል። ንግግሩ መፈክር የሆነበትን አንድ ገጽ፣ ሰዎቹ እንደ ሰው ያወሩበትን ሌላ ገጽ ምልክት አድርጊና ሁለቱንም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ልዩነቱን ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል።

ለሚቀጥለው ወር የበዓሉን «ደራሲው»ን ጠቁሚ። ዋና ገጸ ባሕርዩን ሲራክን ትወጂዋለሽ።