ማንም ሳያስገድዳችሁ የምትሠሩት ሥራ

ውድ ተማሪዎች፣

አዲስ ምሩቃንን ለመቅጠር ማመልከቻ በማገላበጥና ቃለ መጠይቅ በማድረግ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከዚህ ልምዴ በመነሣት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልጽፍላችሁ እወዳለሁ፤ እርሱም በተማሪነት ዘመን የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክህሎት ለማዳበርና ሥራ ለማግኘት እንዴት እንደሚጠቅም፣ መቼስ ሳይጠቅም እንደሚቀር ነው። አገልግሎቱ ለኅብረተሰብ ስለሚያስገኘው ፋይዳና ለሰው ስለሚሰጠው የመንፈስ እርካታ ሌሎች በሰፊው ጽፈዋል። እኔ የማተኩረው ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁ ለመጠየቅ በምታፍሩት ነገር ላይ ነው፦ በነፃ የምሠራው ሥራ ነገ ደመወዝ ወዳለው ሥራ ያደርሰኛልን? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

መልሱን ከራሴ ትዝብት ይልቅ በጥናት ብጀምር ይሻላል። ስቴይን ባርት እና ሱንቺትሳ ቩዪች የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በቤልጅየም ለወጡ እውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታዎች የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። በየትኛው ማመልከቻ ላይ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንደሚጠቀስ የተወሰነው በዕጣ ስለ ነበር፣ የታየውን ልዩነት በአመልካቾቹ ትጋት ወይም ብልህነት ማመካኘት አይቻልም። አገልግሎት የተጠቀሰባቸው ማመልከቻዎች ከአሠሪዎች በጎ ምላሽ የማግኘት ዕድላቸው በ7.3 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በአሜሪካ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያወጣው ጥናት ሥራ ፈላጊ ሆነው በጎ ፈቃድ የሰጡ ሰዎች ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ካልሰጡት በ27 በመቶ የሚበልጥ መሆኑን አመልክቶ ነበር። ይህኛውን ቁጥር ግን ጠንቀቅ ብላችሁ እንድታነቡት እመክራለሁ፤ በራሱ ተነሣሽነት ለማገልገል የሚወጣ ሰው ሥራ ለመፈለግም የሚተጋ ሰው ሊሆን ይችላልና፣ ውጤቱን ያመጣው አገልግሎቱ ይሁን ሰውየው መለየት ያስቸግራል።

ከቤልጅየሙ ጥናት እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ሌላ ግኝት ነው። አመልካቹ ያገለገለባቸው ቦታዎች ቁጥር መብዛት ጥቅሙን አላሳደገውም። ይህ ለዓመታት ከታዘብኩት ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ሲቪያቸው ላይ የግማሽ ቀን የጽዳት ዘመቻ፣ የአንድ ቀን የችግኝ ተከላ፣ የሁለት ቀን የወጣቶች ጉባኤ እያሉ አንድ ገጽ የሚሞሉ፣ ከእያንዳንዱም የምስክር ወረቀት የሚያያይዙ አመልካቾች አሉ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የትኛው ሥራ በእነርሱ እጅ እንደ ነበረ ስትጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ዘመቻው መልካም ነው፤ መገኘታቸውም መልካም ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ ምን ይጎድል ነበር ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም። አሠሪ የሚፈልገው ደግሞ ይህንን መልስ ነው።

ነገሩን ከቀጣሪው ወገን ሆናችሁ ተመልከቱት። በፊቱ የቀረቡት ምሩቃን ሁሉ ዲግሪ አላቸው፤ ውጤታቸውም ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ትምህርት የፈተና ቀን አለው፣ መምህር ይቆጣጠረዋል፣ የወደቀ ይባረራል፤ ስለዚህ ጥሩ ውጤት አንድ ሰው ግዴታ ሲኖርበት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ስም ጠሪም ተቆጣጣሪም ሳይኖር፣ ቢቀር ማንም ሳይቀጣው፣ በዝናብም በፈተና ሰሞንም የገባውን ቃል ይጠብቅ እንደሆነ ግን ትራንስክሪፕቱ አይነግረውም። ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ቦታ የዘለቀ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይህን ይነግረዋል። እኔ ዋጋ የምሰጠው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፤ ደግነታችሁን የምለካበት መሣሪያ የለኝም፣ መዝለቃችሁን ግን ከሲቪያችሁ ላነብ እችላለሁ።

አሁን ወደ ክህሎቱ ልምጣ። ብዙ ጊዜ «የቡድን ሥራ፣ የመግባባት ችሎታ፣ አመራር» ተብሎ በጅምላ ይነገራል፤ እነዚህ ቃላት ብቻቸውን ሲቆሙ ምንም አይሉም። በተጨባጭ የሚገኘው እውቀት ከዚህ ይልቅ ዝቅ ያለና የበለጠ ጠቃሚ ነው። ስብሰባ ተመርቶ ሲያበቃ ማን ምን ለመሥራት ቃል እንደ ገባ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ከማታውቁት ኃላፊ ጋር በስልክ ተነጋግሮ አዳራሽ መለመን፣ የተሰበሰበውን ገንዘብ ከነደረሰኙ መዝግቦ ለጠየቀ ሁሉ ማሳየት፣ የተቆጣ ተገልጋይን ሰምቶ ማረጋጋት፣ ሠላሳ ሰው ይመጣል ተብሎ ሰባት ሰው ሲመጣ ሥራውን በዚያው ልክ መደልደል፤ እነዚህን የሚያስተምር ኮርስ የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩት የቡድን ሥራ ከእኩዮቻችሁ ጋር ነው፤ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ግን አለቃችሁ በእናታችሁ ዕድሜ፣ ተገልጋያችሁ በአያታችሁ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ከእነርሱ ጋር መነጋገር፣ ሳያጎበድዱና ሳይዳፈሩ ሐሳብን መግለጽ በልምምድ እንጂ በንባብ አይገኝም።

በተለይ የበጎ ፈቃደኞችን ቡድን ማስተባበር ከገጠማችሁ አትሽሹት። ደመወዝተኛን የሚያስተዳድር ሰው ቢያንስ ደመወዙ ያግዘዋል፤ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ግን የሚቆርጠው ደመወዝም የሚሰጠው እድገትም የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት በሆታ ተመዝግበው በሦስተኛው የውሃ ሽታ የሚሆኑ ብዙ ናቸው። የቀሩትን ለማቆየት ሥራውን ግልጽ አድርጎ መክፈል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ድርሻ መስጠት፣ የሠራውን በስሙ ጠርቶ ማመስገን፣ ያልሠራውንም ሳያዋርዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን በሃያ ዓመቱ የተማረ ወጣት፣ በደመወዝ የሚሠሩ ሰዎችን እንዲመራ ሲሾም የሚያስደነግጠው ነገር አይኖርም።

አገልግሎቱ ከትምህርት መስካችሁ ጋር ቢቀራረብ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። የሕግ ተማሪ በነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከል ውስጥ ባለጉዳይ ሲያነጋግር፣ ከመጽሐፍ ያነበበው ድንጋጌ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚመስል ያያል። የአካውንቲንግ ተማሪ የአንድን ትንሽ ማኅበር ሂሳብ ቢይዝ፣ ክፍል ውስጥ ተስተካክሎ የቀረበለት ምሳሌ በእውነተኛው ዓለም ደረሰኙ ጠፍቶ፣ ቀኑ ተሳስቶ እንደሚመጣ ይረዳል። የኮምፒውተር ተማሪዎች በዚህ በኩል ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሥራው ያደገው ክፍያ ሳይጠይቁ ኮድ ጽፈው በላኩ፣ ስህተት አግኝተው ባመለከቱ ሰዎች ትብብር ነው። ዛሬም ማንኛውም ተማሪ በእንዲህ ዓይነት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት ቢያርም፣ የጻፈው ኮድ፣ የተሰጠው እርማትና ለእርማቱ የሰጠው ምላሽ ሁሉ በይፋ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አሠሪ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ከቤት መውጣት የማይመቸው፣ ወይም በትርፍ ሰዓቱ ሠርቶ የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን ተማሪ እንዳለ አልዘነጋሁም። ነፃ ጊዜ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም፤ ቀጣሪዎችም ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ ማታ ማታ በአስተናጋጅነት እየሠራ የተማረ ሰው በእኔ ሚዛን ከማንኛውም በጎ ፈቃደኛ አያንስም። ጥቂት ሰዓት ላላቸው ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ አገልግሎት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ፣ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስሎችን እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕራንስን ጎዳናዎችና ሕንፃዎች ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው፣ ማንም ሊያርመው በሚችል የኢንተርኔት ካርታ ላይ ሥለዋል፤ ያ ካርታም ለዕርዳታ ሠራተኞች አገልግሏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብሩ አማካይነት በኢንተርኔት የሚሠሩ የትርጉም፣ የዲዛይን፣ የጥናትና የጽሑፍ ሥራዎችን ለፈቃደኞች ያቀርባል።

ሌላው ጥቅም ትውውቅ ነው። ይህን ስል አማላጅ ፈልጉ ማለቴ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደ ነበር ጠይቆ ነበር። አዘውትረን እንገናኝ ነበር ያሉት 17 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚገናኙ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኞቻችሁ የሚያውቁት እናንተ የምታውቁትን ነው፤ ስለማታውቁት ክፍት ቦታ የሚነግራችሁ ከሌላ ክበብ የመጣ ሰው ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተማሪውን ከግቢው አውጥቶ ከነርሷ፣ ከመሐንዲሱ፣ ከጡረተኛው መምህር ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሥራውን ስለሚያዩ፣ ስለ እርሱ የሚናገሩት የሚታመን ነው።

ስለ አደጋዎቹም ልንገራችሁ። አትራፊ ኩባንያ ለሠራተኛ መክፈል የሚገባውን ሥራ «ልምድ ታገኛላችሁ» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ በነፃ ቢያሠራችሁ፣ ያ የጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ስሙን አሳምሮ ቢጠራውም አትቀበሉት። ያልሠለጠናችሁበትን ሙያ በሌሎች ላይ አትለማመዱ፤ በተለይም በሕፃናት ማሳደጊያዎች ለጥቂት ሳምንታት ገብቶ መውጣት፣ ሰው በመጣና በሄደ ቁጥር የሚያዝኑ ልጆችን እንደሚጎዳ የሕፃናት ደኅንነት ባለሙያዎች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ውጤታችሁ እያሽቆለቆለ ከሆነም ሰዓታችሁን ቀንሱ። ስትቀንሱ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሳይናገሩ መጥፋት ሌሎች በእናንተ ላይ ተማምነው ያቀዱትን ያፈርሳል።

ሲቪያችሁን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። አገልግሎታችሁን ከገጹ ግርጌ «ትርፍ ጊዜ» ከሚለው ሥር አትጣሉት፤ ኃላፊነት የነበረበት ከሆነ በሥራ ልምድ ሥር ይግባ፣ ያለ ክፍያ የተሠራ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። «በማስጠናት መርሐ ግብር ተሳትፌአለሁ» ከማለት ይልቅ፣ ስንት ተማሪዎችን፣ በምን ትምህርት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳስጠናችሁና እናንተ ያመጣችሁት ለውጥ ምን እንደሆነ ጻፉ። በቃለ መጠይቅ ዛሬ በብዛት የሚጠየቀው «ከባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን፤ ምን አደረግህ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚሆን እውነተኛ ታሪክ ያለው አመልካች ወዲያው ይታወቃል፤ ዝርዝሩን ያስታውሳል፣ የሌላውንም ሰው ሐሳብ በአግባቡ ያስረዳል። ዝርዝር ደግሞ ቶሎ ይረሳልና፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የሠራችሁትን በጥቂት መስመር በማስታወሻ ያዙ።

መቼ ልጀምር ለምትሉ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርቱን ለመልመድ ይሁንላችሁና ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ምረቃ ሲቃረብ የሚጀመር አገልግሎት ለሲቪ ማድመቂያ መሆኑ ያስታውቅበታል። ስትመርጡም ሰው የሚሻማበትን መድረክ ትታችሁ፣ ማንም የማይፈልገውን መዝገብ፣ ዕቃ ክፍል ወይም የስም ዝርዝር ለመያዝ ጠይቁ፤ እዚያ ኃላፊነት ቶሎ ይሰጣችኋል። የምትለቁበት ቀን ሲደርስ የያዛችሁትን ሥራ፣ የስልክ ቁጥሮቹንና ያልተጠናቀቁትን ጉዳዮች ጽፋችሁ ለተተኪው አስረክቡ፤ የድጋፍ ደብዳቤም ኃላፊው ሥራችሁን በሚገባ በሚያስታውስበት በዚያው ሳምንት ጠይቁ።