ዘንጉም ይጠማዋል

ለሰሜን ሸዋ ወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ጥር ሸዋ ሮቢት አጠገብ ወዳለ የሽንኩርት ማሳ ተጠርቼ ወርጄ ነበር። የመስኖው ፓምፕ ጢሶ ቆሟል። የሚጠግነው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው፤ ኪያቤዎቹን ግን በየቁጥራቸው ደርድሮ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጧቸዋል። «ጋሼ፣ በዘንጉ በኩል ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ዳዶዎቹን አጥብቄ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ነው የተቃጠለው» አለኝ። የማሳው ባለቤት ይቆጣል፤ ልጁ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ግን ልቆጣው አልቻልኩም። በእርሱ ዕድሜ ይህንኑ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ያውም በሌሊት፣ በባሕር ላይ።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ወደ አሰብ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ጣርማ በርን ከመያዛቸው በፊት ፍሬንና ጎማ ለማየት በሰፈራችን ይቆሙ ነበርና ሙያውን የለመድኩት ለእነርሱ ዳዶ እየፈታሁ ነው። በ1975 ዓ.ም. ከአንዱ ሾፌር ጋር አሰብ ወረድኩ። እዚያም ዳርቻ ዳርቻውን ይዛ እስከ ምጽዋ በምትመላለስ ትንሽ የጭነት መርከብ ላይ ረዳት መካኒክ ሆኜ ተቀጠርኩ። በበይሉል፣ በኢዲና በጢዮ እየቆምን፣ እያራገፍንና እየጫንን እንጓዝ ነበር። ከ2,800 ሜትር ብርድ የወረደ ልጅ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የባሕሩ ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት አገር፣ ከሞተር አጠገብ መዋል ምን እንደሚመስል አስቡት።

መካኒኮቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና አለቃዬ። ስድስት ሰዓት እሠራለሁ፣ ስድስት ሰዓት አርፋለሁ። በየሰዓቱ የዘይቱን ግፊትና የውሃውን ሙቀት በመዝገብ እጽፋለሁ፣ ኩሽኔታዎቹን በእጄ እዳስሳለሁ፣ በሞተሩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አያለሁ። ውሃው ከጨመረ አለቃዬ ጣቱን ነክሮ በምላሱ ጫፍ ያስነካዋል። ጨው ካለው ከባሕር ገብቷል፤ ጨው ከሌለው ከመጠጥ ውሃችን በርሜል ፈስሷል፤ ሁለቱም መጥፎ ዜና ነው። ንጹሕ ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ስለ ነበር ገላችንን የምንታጠበው በባሕር ውሃ ነው፤ ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም። እንጀራ በዚያ ወበቅ ቶሎ ስለሚሻግት እናቴ የምትልክልኝ በሶና ድርቆሽ ነበር። የገብስ አገር ልጅ መሆኔን ያን ያህል ያመሰገንኩበት ጊዜ የለም።

ጨው ሁሉንም ይበላል። ቀይ ባሕር በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 40 ግራም ጨው ይይዛል፤ የውቅያኖሶች አማካይ 35 ገደማ ነው። ማታ በዘይት ያልተወለወለ ኪያቤ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል። ከመርከቧ ሆድ ሥር፣ ውሃውን እየቀዘፈ መርከቧን ከሚገፋው ከፕሮፔለሩ አጠገብ፣ የዚንክ ቁራጮች ይታሰራሉ። በጨው ውሃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት ሲገናኙ አንደኛው ይበላል፤ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ነሐሱንና ብረቱን ያድናል። ተበልቶ ያለቀውን መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሳይቀየር ከቀረ ግን የሚበላው ፕሮፔለሩ ነው። በየጠዋቱ ደግሞ የባሕሩን ውሃ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ማጣሪያ ከፍቼ የባሕር ሣርና ጄሊ የመሰለ የባሕር እንስሳ አወጣለሁ። ቫልቩን ሳይዘጉ ማጣሪያውን መክፈት ማለት ባሕሩን ወደ ቤት መጥራት ነው። የናፍታ ማጣሪያውን ውሃ ማፍሰስ፣ ቺንጋ ማየት፣ የቱቦ ማሰሪያ ማጥበቅ የመሳሰለውን ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ከጢዮ ወደ ኢዲ ስንጓዝ ተረኛው እኔ ነበርኩ። በዚያ ወራት ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ማዕበሉን ፊት ለፊት እየገጨን ነው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከመርከቧ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ፓኪንግ የምንለው፣ በሞራ የተነከረ የተጎነጎነ የጥጥ ገመድ አለ፤ በሁለት ዳዶ ይጠበቃል። እዚያ ላይ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አዲስ ነኝ፤ አለቃዬን ደስ ላሰኘው ፈለግሁ። 19 ቁጥር ኪያቤ አንሥቼ ሁለቱንም ዳዶ እስኪበቃቸው አጠበቅሁ። ጠብታው ቆመ። እኔም ኮርቼ መዝገቡ ላይ «ፍሳሽ ተዘጋ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የተቃጠለ ሞራ ሸተተኝ። ዘንጉን ስነካው እጄን ለበለበኝ። አለቃዬ ሳልጠራው ሽታው ቀስቅሶት መጣ፤ ሞተሩን አቆመ፤ ዳዶዎቹን አላላ። ፓኪንጉ ከስሎ ስለ ነበር ውሃው አሁን ጠብታ ሳይሆን ፍሳሽ ሆኖ ገባ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለንበት፣ በእጅ ፓምፕ እየተፈራረቅን እያወጣን፣ በዝግታ ኢዲ ደርሰን መልሕቅ ጣልን። አልሰደበኝም። ዘንጉ ላይ የተጫረውን መስመር በጥፍሬ እንድዳስሰው እጄን ይዞ አስነካኝና «ዘንጉም ይጠማዋል እኮ» አለኝ። ያ ጠብታ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ነበር። እኔ የዘጋሁት ፍሳሽ አልነበረም፤ የዘንጉን መጠጥ ነበር።

ጠዋት አብረን ቀየርነው፤ እርሱ ያሳየኝን ለእናንተም ላሳያችሁ። አሮጌው ገመድ ተጠራርጎ ይወጣል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ጉዳቱን መደበቅ ነው። አዲሱ ዘንጉን ዙሪያውን በልኩ ተለክቶ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ቀለበት በቀለበት ይገባል። የአንዱ መጋጠሚያ ከሌላው መጋጠሚያ ጋር ፊት ለፊት አይሁን፤ ውሃው መንገድ ያገኛል። ዳዶዎቹ በመጀመሪያ በጣት ብቻ ይጠበቁ። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ እየታየ፣ ሁለቱንም እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ። በእኛ መርከብ በደቂቃ አራት አምስት ጠብታ ይበቃ ነበር። በፍጥነት ለሚዞር የመስኖ ፓምፕ ግን ከ40 እስከ 60 ጠብታ ገደማ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ የሚንጠባጠብ፣ የሚጮኽ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስታዩ ኪያቤ ለማንሣት ስለምትቸኩሉ ነው። መቸኮላችሁ ከትጋት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከማጥበቃችሁ በፊት «ይህ ነገር እዚህ የሚንጠባጠበው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ጻፉ። እኔ ያን ሌሊት መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጬ ቢሆን ኖሮ አለቃዬ የጠብታውን ቁጥር በየቀኑ ሲጽፍ እንደ ኖረ አይ ነበር። ዓይኔ ሥር የነበረ ጽሑፍ ነው።

ከመካከላችሁ ባሕር የሚያምራችሁ አላችሁ፤ በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም መንገዱ አልተዘጋም፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚ የመርከብ መሐንዲሶችን እያሠለጠነ ወደ ዓለም ይልካል። ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጊዜ በሚሰጣችሁ በዚህ አገር ፓምፕ ላይ እጃችሁን አፍታቱ፤ ባሕር ላይ የሚጎትት መኪና ጠርቶ መሄድ የለም።

ሮቢት ላይ ያንን ዘንግ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ቀለበቶቹን ልጁ ራሱ ቆርጦ አስገባቸው። ሦስተኛውን ጠማማ ቆርጦት ነበርና ሳልናገረው አውጥቶ ሌላ ቆረጠ። ሞተሩ ሲነሣ ስልኩን አውጥቶ ከፓምፑ ሥር ተንበረከከ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሠላሳ ሁለት፣ ጋሼ» አለኝ ቀና ብሎ። ኪያቤውን አቀበልኩት። በሁለቱም በኩል ትንሽ አላላና እንደገና መቁጠር ጀመረ።